ተሁለደሬ፦ በሁለት ሐይቆች መካከል የጠበበ አገር

ከደሴ መነኻሪያ ወደ ሰሜን የሚነሳ ሚኒባስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ይገባል። መንገዱ ቁልቁል ነው። ደሴ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻውን ይገልጣል፣ ሐይቅ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል ግን ለዓይን ዕረፍት የሚሰጥ ባዶ ሜዳ የለም። ከማሳ ቀጥሎ ማሳ ነው፣ ከማሳው ጥግ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ የባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ባሻገር ደግሞ የጎረቤት ማሳ። እርከን የተሠራለት ተራራ እስከ ጫፉ ድረስ ታርሷል። የአንዱ ቀበሌ ቤቶች የት አልቀው የሌላው ከየት እንደሚጀምሩ እንግዳ ሰው ሊለይ አይችልም።

ይህ አገር በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኘው ተሁለደሬ ወረዳ ነው። መቀመጫው ሐይቅ ከተማ ሲሆን፣ በደቡብ ከደሴ ዙሪያ፣ በምዕራብ ከኩታበር፣ በሰሜን ምዕራብ ከአምባሰል፣ በምሥራቅ ከወረባቦና ከቃሉ ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 117,877 ሰው ተቆጥሮበታል። በዚያው ቆጠራ በደሴ ከተማ ውስጥ የተመዘገበው ነዋሪ 120,095 ነበር። የዞኑን ዋና ከተማ ሕዝብ የሚስተካከል ሰው፣ አብዛኛው ከተማ ባልሆነ መሬት ላይ፣ ከከተማው ደጃፍ ተቀምጧል ማለት ነው።

የወረዳው ስፋት 405 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 291 ሰው ይደርሳል፤ የደቡብ ወሎ ዞን አማካይ ከ148 አይበልጥም። በዚያ ላይ ሁለት ሐይቆች አሉ። ሐይቅና አርድቦ በአንድነት 40 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ስለሆኑ፣ ሰው የማይኖርበትን ይህን ውኃ ቀንሶ ላሰላ የጥግግቱ ቁጥር ከ320 ያልፋል። ይህ ሁሉ የ1999 ዓ.ም. ስሌት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሊካሄድ የታሰበውም በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1999 የተወለዱት ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ሆነው ቤት መሥሪያ ይፈልጋሉ።

ከትልቅ ከተማ አጠገብ ያለ የተጨናነቀ አካባቢ ሲባል አብዛኛው አንባቢ ሌላ ነገር ያስባል። አዲስ አበባን የከበቡት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሰዉ የበዛባቸው ከተማው እየገፋ ስለመጣባቸው ነበር። ናይሮቢን የሚያዋስነው የኪያምቡ ካውንቲ በ2019 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኝቶበታል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ900 ሰው በላይ ነው። ከኪያምቡ ነዋሪ ብዙው ጠዋት ተነስቶ ናይሮቢ ሥራ ገብቶ ማታ የሚመለስ ነው። ከተማው ያጣበበው አገር ይሉታል።

የተሁለደሬ ጥበት ግን ከዚህ ይለያል። ከ117 ሺሁ ሰው መካከል የከተማ ነዋሪ ተብሎ የተቆጠረው 13,514 ብቻ፣ ከመቶ 11.46 ያህሉ ነበር። ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው የገጠር ነዋሪ ነው። ከተማው ሳይመጣባቸው፣ በእርሻ ላይ እያሉ የተጨናነቁ ሰዎች ናቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ስለ ወረዳው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ዒላማውን ይስታል። ለኪያምቡ መንገድና አውቶቡስ ቢጨመርለት ችግሩ ይቀልለታል፤ ተሁለደሬ መጀመሪያ መፍታት ያለበት የማሳውን ነገር ነው።

የማሳው ነገር በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የወረዳው መሬት በሙሉ ገደሉም፣ መንገዱም፣ መቃብሩም፣ ሐይቁም ሳይቀር ለሰው ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ነፍስ የሚደርሰው የአንድ ሄክታር ሲሶ ብቻ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ይወረሳል እንጂ። አባት በእጁ ያለውን የይዞታ ደብተር ለሦስት ልጅ ሲያወርስ ማሳው በሦስት ይከፈላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወንድም የሌላውን ድርሻ በእኩል ያርሳል፣ ሌላው ትቶ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ከአባቱ ጓሮ ጥግ ጎጆ ይቀልሳል። በሬ ያለው በሬ ለሌለው ያርሳል፤ ጉልበት ያለው ወንፈል ይገባል። የድንበር ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ ይቀመጣል። በወሎ ይህ ሥራ የራሳቸው ክብር ያላቸው ሰዎች፣ አበጋሮች፣ አሉት፤ ብዙ ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በእነሱ ፊት፣ በዱዓ ይበርዳል።

ጠባብ ማሳ የያዘ ገበሬ ሊመርጠው የሚችለው ነገር ውሱን ነው። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ቤተሰብን ይመግባሉ እንጂ ከትንሽ መሬት ብር አያወጡም። ስለዚህ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬ፣ ከዚያም ይልቅ ጫት እየተስፋፋ ሄደ። ደሴ ብርዳም ከተማ ናት። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ሙቀት የሚወደው አዝመራ አይመቻትም። ሐይቅ ደግሞ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ ወይና ደጋውን ይዛለች። ጠዋት በሐይቅ በኩል የተቆረጠ ጫት ሳይጠወልግ ደሴ ገበያ ላይ ይውላል። የተሁለደሬ ገበሬ ከደሴ ጋር ያለው ዝምድና ዋናው ይኸው ነው፤ ራሱ ባይሄድ አዝመራውን ይልካል። ጫቱ ወጣቱን ምን እያደረገው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን በግማሽ ሄክታር ላይ ስድስት አፍ የሚያበላ ሌላ ተክል አብሮ ይዞ ቢመጣ ይሰማል።

ለመስኖው ውኃ የሚሰጡት ሁለቱ ሐይቆች የወረዳው ሀብት ናቸው፤ ጥበቱ የሚታይባቸውም እነሱ ናቸው። አርድቦ ከፍ ብሎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ሐይቅ ዝቅ ይላል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። በመካከላቸው አንከርካ የሚባለው ወንዝ አለ። የአርድቦን ውኃ ተቀብሎ ወደ ሐይቅ የሚያወርደው እሱ ነው፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለው ገበሬ ለመስኖ ሲጠልፈው ታች የሚደርሰው ይቀንሳል። ሐይቅ በምድር ላይ መውጫ የለውም። የገባበት ውኃ ወይ ይተናል፣ ወይ ከመሬት በታች ይሰርጋል። አፈርም፣ ማዳበሪያም፣ የከተማ ፍሳሽም ሲገባ ግን እንደ ውኃው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል።

የአካባቢው ሽማግሌዎች የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት ቦታ በውኃ የተከበበ ደሴት እንደነበረ ይናገራሉ፤ የጥንት ጽሑፎችም የሚያውቁት ደሴቱን ነው። ዛሬ ምዕመን በእግሩ ይገባል። ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

ዓሣውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ። ተራባ። ለሐይቅ ከተማ ወጣቶች ሥራ፣ ለመንገደኛ ምሳ፣ ለደሴ ሰው የእሑድ ሽርሽር ምክንያት ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፍ ሹፌር ሐይቅ ላይ መኪናውን አቁሞ የተጠበሰ ዓሣ ካልበላ የሄደ አይመስለውም። በሌላ በኩል አጥኚዎች ቆሮሶ ከገባ በኋላ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉት በዓይን የማይታዩ ደቂቅ እንስሳት ስብጥር መለወጡንና የውኃው ጥራት መቀነሱን መዝግበዋል። መረቡም ከዓመት ዓመት በዝቷል። ማሳ ያጣ ወጣት ወደ ውኃው ይሄዳል፤ በመሬት ላይ የነበረው ጥበት አብሮት ወደ ሐይቁ ይገባል።

ሐይቁ ሌላም ነገር አስቀምጧል። ተመራማሪዎች የሐይቅንና የአርድቦን ወለል በቧንቧ ወግተው ጭቃውን በድርብርቡ አወጡት። በየድርብርቡ ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ በአጉሊ መነጽር እየለዩ የሦስት ሺህ ዓመት የዕፅዋት ታሪክ ጻፉ፤ ጥናቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከታች፣ ከጥንቱ ጭቃ፣ ዝግባና ጽድ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ላይ ዛፉ ይጠፋል፤ በምትኩ ክትክታና ሣር ይመጣል። ሰው ምንጣሮ ጀምሯል ማለት ነው። ያ ሁኔታ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ።

ከዚያ የሚደንቀው ነገር ይመጣል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጫካው ተመለሰ። ጽዱ፣ ከእሱም ጋር ወይራና ቀውት፣ ተራራውን መልሰው ለበሱት። ምክንያቱ የዝናብ መጨመር፣ ምናልባትም የሰው ቁጥር መመናመን ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። የግራኝ አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር የደረሰው በዚሁ ዘመን ውስጥ፣ በ1531 እ.ኤ.አ. ነው። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጣሮው እንደገና በረታ፤ ጭቃው ውስጥ ከኮረብታ የታጠበ አፈር በዛ። የወሎ ተራራ ራቁቱን የቀረው በአንድ ትውልድ ስንፍና ነው የሚል ሰው ይህን ጭቃ ቢያይ መልካም ነው። አገሩ ተመንጥሮ ያውቃል፣ ድኖም ያውቃል። አሁን የተለወጠው ነገር መሬቱን ለጊዜው ትቶለት ዞር የሚልበት ሌላ ቦታ ሰዉ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለ ሐይቅ ሲነሳ ገዳሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አይቻልም። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ምንኩስናን ይዘው ወደዚህ መጡ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት ከሰሜኑ የአክሱም ዘመን ገዳማት ወደ ደቡብ የተሻገረ የመጀመሪያው ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታት ተቀምጠው የተማሩት እዚህ ነው። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዝ ኢየሱስ ሞዐ ደጋፊው እንደነበሩ ገድላቸው ይናገራል፤ የገዳሙ አበምኔትም ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ጋር የሚቆጠር ሹም ሆነ። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እየተባለ የሚጠራው የብራና መጽሐፍ የተጻፈው በዚያው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ዘመናቸው በትክክል ከታወቁት የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ ይመደባል።

ይህ ገዳም ዛሬ የሚገኘው ከመቶ 90 የሚጠጋው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ወረዳ ውስጥ ነው። በሐይቅ ጠዋት አዛንና ቅዳሴ በአንድ ውኃ ላይ ይሰማሉ። ከውጭ የሚመጣ ጸሐፊ ይህን እንደ ትርኢት ሲያቀርበው ይስተዋላል፤ ለነዋሪው ግን የዕለት ኑሮ ነው። የወሎ ሰው ቀባሪ ማኅበሩን ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ ቦታ ቅሬው ሃይማኖት አይለይም፣ ሬሳ ሲወጣ ሁሉም ይወጣል። ይህ መቻቻል ያለ ታሪክ አልመጣም። በ1878 እ.ኤ.አ. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ አዘው ነበር፤ በኋላ ንጉሥ የተባሉት ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት በዚያ ጊዜ ነው። ብዙ ቤተሰብ በሁለት ሃይማኖት ተከፈለ። ከዚያ ቁስል በኋላ አብሮ መኖርን የመረጠው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ምስጋናውም የእሱ ሊሆን ይገባል።

ወደ ሰሜን ምዕራብ የአምባሰል ተራራ ሰንሰለት ይታያል። አምባሰል ወረዳ ከተሁለደሬ ጋር የሚቀራረብ ሕዝብ ይዞ በስፋቱ ግን እጥፍ ያህል ነው። ሰፊ ነው ማለት ግን ሰፊ እርሻ አለው ማለት አይደለም፤ ገደሉና አምባው ሰው ይበታትናል እንጂ አያስቀምጥም። ያ ገደል ግን ለታሪክ ተመችቷል። ነገሥታት የዙፋን ተቀናቃኝ የሆኑ መሳፍንትን በግዞት ያኖሩበት የነበረው ግሸን አምባ እዚህ ነው። ግማደ መስቀሉ አርፎበታል የሚባለው የግሸን ማርያም በዓልም መስከረም 21 ቀን ከመላ አገሪቱ ምዕመኑን ይሰበስባል። የአገሩ ገዥ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ እቴጌ መነን አስፋው የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ አምባሰል ይባላል፤ ይህን ዜማ በማሪቱ ለገሰ ድምፅ የሰማ ሰው ተራራውን ሳያየው ያውቀዋል። ምኒልክና የኢጣሊያው ወኪል ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት የውጫሌ ውል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በዚሁ ወረዳ በይስማ ንጉሥ የተደረገ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ ወደ ዓድዋ እንዳደረሰ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

አምባሰሎች ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ገበያ ይወርዳሉ፤ የወረባቦ ሰውም ከቢስቲማ በሚመጣው መንገድ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ የራሷን ገጠር ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቿንም ሸክም ትይዛለች። በገበያ ቀን ዋናው መንገድ በበግ፣ በአህያ፣ በባጃጅና በከባድ መኪና ስለሚሞላ ከደሴ ወልድያ የሚያልፍ አውቶቡስ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል።

መሬቱ ለሁሉም ስላልበቃ መውጣት የኑሮው አካል ሆኗል። ደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ አገር ብዙ ወጣት ከሚልኩት የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ፣ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ልጁን በባዶ እጁ ተቀበለ። ቢሆንም መንገዱ አልተዘጋም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች የስንቱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በአንዲት የጅዳ ወይም የሪያድ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንደተገዛ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ቤቱ ሲያልቅ ግን ባለቤቷ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የለችም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ወደዚህ ይመጣል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሐይቅ በመንገዱ ላይ ነበረች። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተው በኅዳር ወር መጨረሻ ተለቀቁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከኦሮሚያ ክልል ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በሐይቅ አካባቢ በመጠለያ ተቀመጡ። ብዙዎቹ ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው በድርቅና በመሬት ጥበት ምክንያት ለቀውት ወደሄዱት አገር ሲመለሱ የሚያርሱት አልነበራቸውም። ነዋሪው ግን ካለው ጥቂት ላይ አካፈላቸው፤ ይህ መጻፍና መታወስ አለበት።

ሐይቅ ከተማ በዚህ ሁሉ መካከል ማደጓን አላቆመችም። ወደ ደሴ በኩል መንገዱን ይዛ ትረዝማለች፣ ወደ ውኃው በኩል ደግሞ ትወርዳለች። ማረፊያ ቤቶች፣ ዓሣ ቤቶችና አዳዲስ መኖሪያዎች ከዓመት ዓመት ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር የሚሠራ ከተማ መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የፍሳሹን ነገር ነው፤ ከዚያም ከውኃው ዳር እስከ መጀመሪያው ቤትና እስከ መጀመሪያው ማሳ ድረስ ያለው መሬት ሳይታረስና ሳይገነባበት ሣርና ዛፍ ለብሶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ለገበሬው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዳርቻው ላይ ያለው መሬት እርጥበት አይለየውም፣ ከማሳው ሁሉ የተሻለ ምርት የሚሰጠው እሱ ነው። ልቀቅ የሚለው አካል ምትኩን ማሳየት አለበት፤ መሬት ባይኖር ሥራ፣ ሥራ ባይኖር ከቱሪስቱና ከዓሣው ገቢ ድርሻ።

እንዲህ ያለ ዳርቻ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው ወጥቶ ወደ ገዳሙ የሚያዘልቀውን መንገድ የያዘ ሰው ከማሳው መጨረሻ ላይ በድንገት ጥላ ውስጥ ይገባል። ሴቶች የማያልፉበት የገዳሙ ቅጥር ከዚያ በኋላ ነው። መነኮሳቱ ስላልቆረጡት የቆየ ዛፍ አለ፤ ሥሩ እስከ ውኃው ድረስ ወርዷል፣ ወፎቹም እዚያ ላይ ያድራሉ። ከዚያ ጥላ ሥር ቆሞ ወደ ማዶ የሚመለከት ሰው የሐይቅ ከተማን አዳዲስ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ሲያበሩ ያያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ብቻ ነው።